ፏፏቴ፤ ከድምፅ የተወለደ ስም

የሰው ልጅ ባገሩ ላለው ነገር ሁሉ ስም ያወጣል። ስም ሲያወጣም አንዳንዱን ከመልኩ፥ አንዳንዱን ከሥራው፥ አንዳንዱንም ከተገኘበት ስፍራ ይወስዳል። ጥቂቱን ግን ከድምፁ ይወስደዋል፤ በዚህ ጊዜ ስሙ የነገሩ የገደል ማሚቶ ይሆናል። በቋንቋችን እንዲህ ካሉት ስሞች አንዱ «ፏፏቴ» ነው። በዚህ ወር ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ያሰብነው ይህ ቃል ከወዴት እንደ መጣ፥ ዘመዶቹም እነማን እንደ ሆኑ ነው። ቃሉንም በቤታችን ተቀምጠን ከምንመረምረው በስፍራው ቆመን ብናደምጠው ይሻላል ብለን መንገዳችንን ወደ ጢስ ዓባይ አደረግን።

መስከረም ጠብቶ አደይ አበባ ሜዳውን ባለበሰበት ሰሞን ከባሕር ዳር ተነሣን። ጢስ ዓባይ ከከተማይቱ በስተደቡብ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ወራቱን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። የሐምሌና የነሐሴ ዝናም ጣናን ይሞላዋል፤ ሐይቁ ግን 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ስላለው የተቀበለውን ውኃ ሁሉ ወዲያው አይሰጥም፤ ቆጣቢ ባለቤት ከጎተራው እህል እንደሚያወጣ ቀስ እያለ ያወጣዋል። ስለዚህ ከሐይቁ የሚወጣው የዓባይ ውኃ በተፈጥሮው ከፍ የሚለው ዝናሙ ማባራት በጀመረበት በመስከረምና በጥቅምት ነው። ፏፏቴውን በሙሉ ድምፁ ሊሰማ የሚሻ ሰው ይህን ጊዜ ይጠብቅ።

ከጢስ ዓባይ መንደር ወደ ፏፏቴው የሚወስደው አንደኛው የእግር መንገድ በጥንታዊው የአላታ ድልድይ ላይ ያልፋል። ድልድዩ በ17ኛው መቶ ዓመት በድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው። ከበላዩ ሰፊ የነበረው ወንዝ በዚህ ስፍራ በጥቁር ዓለት መካከል ተጨናንቆ በጠባብ ስንጥቅ ያልፋል። ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን ስንያያዘው ከሁሉ አስቀድሞ የተቀበለን ድምፁ ነበረ። መጀመሪያ በሩቅ ያለ የጽድ ደን በነፋስ ሲወዛወዝ የሚያሰማውን ድምፅ ይመስል ነበር፤ ጥቂት ስንጠጋ ብዙ የድንጋይ ወፍጮ ባንድነት የሚፈጭ መሰለ፤ ከጉብታው ላይ ስንደርስ ግን ከምንም ጋራ ልናመሳስለው አልቻልንም፤ እርስ በርሳችንም ለመነጋገር መጮኽ አስፈለገን። ከድምፁ ቀጥሎ ያየነው ወደ ሰማይ የሚወጣውን ነጭ ጉም ነው፤ ውኃው ራሱ የታየን በሦስተኛ ደረጃ ነው። ከ40 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የዓለት ጠርዝ ላይ ይወረወራል፤ ወንዙ በሙሉ ኃይሉ በሚወርድበት ጊዜም የፏፏቴው ስፋት እስከ 400 ሜትር ይደርሳል።

የስፍራው ስም የተወሰደው ከዚያ ነጭ ጉም ነው። ውኃው ከታች ካለው ዓለት ጋራ ሲጋጭ እንደ ዱቄት ይደቅቃል፤ ደቃቁም ነጠብጣብ በነፋስ እየተነሣ ከሩቅ ሲያዩት ጢስ ይመስላል። ስለዚህ ያገሩ ሰው «ጢስ ዓባይ» አለው፤ «ጢስ እሳት» የሚሉትም አሉ። «ዓባይ» የሚለው ስም ደግሞ በግዕዝ «ዐቢይ» ለሚለው ቃል የሴት አንቀጽ ነው፤ ትርጓሜውም «ታላቅ» ማለት ነው። ፊደል ጠንቅቀው የተማሩ አባቶች የወንዙን ስም በዓይኑ «ዐ» ጻፉ እያሉ የሚያስጠነቅቁት ስለዚህ ነው፤ በአልፋው «አ» የተጻፈ እንደ ሆነ «ሐሰተኛ» ከሚለው ቃል ጋራ ይምታታልና። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ይህ ወንዝ ከገነት ከሚወጡት አራቱ ወንዞች አንዱ ግዮን እንደ ሆነ ይታመናል፤ ምንጩም በሰከላ ግሽ ዓባይ የሚከበረው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ «ጢስ ዓባይ» የዓይን ስም ነው፤ ያየ ሰው ያወጣው። ከውጭ አገር መጥተው ስለዚህ ስፍራ የጻፉትም ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የተከራከሩት በዓይን ነገር ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት አገራችን የነበረው ፖርቱጋላዊው ጄሮኒሞ ሎቦ ከሚወርደው ውኃ በስተኋላ፥ ከዓለቱ ሥር ተቀምጦ ቀስተ ደመና እንዳየ ጻፈ። በ1770 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስፍራውን የጎበኘው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ደግሞ ይህ ከቶ ሊሆን አይችልም ብሎ ተቃወመው። ማንኛቸው እንደ ረታ መፍረድ የእኛ ፈንታ አይደለም፤ የምንገምተው ግን አንድ ነገር አለ። ሎቦ የሄደው ውኃው በጎደለበት፥ ብሩስም በሞላበት ጊዜ ቢሆን ሁለቱ ያዩት ፏፏቴ አንድ አይደለም። ብሩስ ድምፁ እንዳደነዘዘውና ራሱን እንዳዞረው መጻፉ ግን ለነገራችን ምስክር ይሆናል፤ እርሱም ቢሆን ከዓይኑ ይልቅ በጆሮው ተሸንፏልና።

ከጉብታው ላይ ተቀምጠን ሳለን ከእኛ ጋራ ከመጡት ልጆች አንዱ፥ «አባባ፥ ፏፏቴ የሚለውን ስም ማን አወጣለት?» ብሎ አባቱን ጠየቀ። አባትየውም፥ «ራሱ ነው ያወጣው፤ ዓይንህን ጨፍነህ አድምጥና ስሙን ቀስ ብለህ ጥራው ልጄ» አለው። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ጥቂት ካዳመጠ በኋላ «ፏ... ፏ...» አለና ሳቀ። እኛም ሁላችን እንደ ልጁ አደረግን።

አንባቢዎቻችንም በያላችሁበት ብትሞክሩት ነገሩን ታገኙታላችሁ። «ፏ» ስንል የታችኛው ከንፈራችን ከላይኛው ጥርሳችን ጋራ ይጋጠማል፤ ትንፋሻችንም በጠባቡ ቀዳዳ ተጨናንቆ ይወጣል፤ ወዲያው ከንፈራችን ሞጥሞጥ ይልና አፋችን ሲከፈት የታመቀው ትንፋሽ ይለቀቃል። የሚወድቀውም ውኃ ሥራው እንዲሁ ነው። ውኃው ሲወረወር አየር ይዞ ይወርዳል፤ አየሩም በውኃው ውስጥ አረፋ ሆኖ ይታፈናል፤ ቁጥር የሌለው አረፋ ሲፈጠርና ሲናወጥ የምንሰማው ድምፅ ይወጣል። ስለዚህ ከውኃውም ሆነ ከአፋችን የሚሰማው የታፈነ አየር ድምፅ ነው። ቃሉን ያወጡት የጥንት ገበሬዎችና እረኞች ይህን ምሥጢር ከመጽሐፍ አልተማሩትም፤ ጆሮአቸው ግን አልሳተም።

ከዚህ በኋላ የቋንቋችን ሥርዓት ሥራውን ይሠራል። ውኃ አንድ ጊዜ ሲወርድ «ፏ አለ» ይባላል፤ ሳያቋርጥ ሲወርድ ድምፁ ይደገምና «ፏፏ አለ» ይሆናል፤ በመጨረሻው «ቴ» ሲጨመርበት ስም ሆኖ «ፏፏቴ» ይባላል። ወንድሞቹም ብዙዎች ናቸው። በር ሲመታ «ኳ» ይላል፤ ሲደጋገም «ኳኳ»፤ ስሙም «ኳኳታ»። ሕፃናት ሲሰበሰቡ «ጫጫ» ይላሉ፤ ስሙም «ጫጫታ»። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ታናሽ እኅቱ ናት። ከጣሪያ ላይ ውኃ «ጠብ» ሲል «ጠብታ» እንላለን። እንግዲህ በአማርኛ ከውኃ ሁሉ ታናሹ ጠብታና ከውኃ ሁሉ ኃይለኛው ፏፏቴ ስማቸውን ያገኙት ባንድ መንገድ ነው፤ ሁለቱም የተናገሩትን ተጠሩ።

የግዕዝ ቋንቋ ደግሞ ለወራጅ ውኃ ሌሎች ስሞችን አውርሶናል። «ውሕዘ» ማለት «ፈሰሰ» ማለት ነው፤ ከእርሱም «ውሒዝ» ይወጣል፤ ፈሳሽ ወይም ጎርፍ ማለት ነው። በዓለት ላይ ስለ ተሠራውና በአሸዋ ላይ ስለ ተሠራው ቤት በማቴዎስ ወንጌል በተነገረው ምሳሌ መጥተው ቤቱን የገፉት ጎርፎች በግዕዝ «ወሓይዝት» ይባላሉ። የትግርኛ ተናጋሪ ወንድሞቻችን ዛሬም ጎርፍን «ውሕጅ» ሲሉት ይህን ጥንታዊ ቃል በአፋቸው ጠብቀዋል። «ተከዚ» የሚለውም ቃል በግዕዝ ወንዝ ማለት ነው፤ ታላቁ ወንዛችን ተከዜም ይህንኑ ስም ይዞ ቀርቷል። «ፈለግ» ደግሞ በኦሪት ዘፍጥረት ለገነት ወንዝ የተነገረ ስም ነው፤ ብዙውም «አፍላግ» ነው። አማርኛችን ግን ቃሉን ወስዶ «የአባቱን ፈለግ ተከተለ» ይላል፤ ውኃ የሄደበት ስም ሰው ለሄደበት ዱካ ተሰጠ ማለት ነው። እነዚህን የመሰሉ ቃላት ተበትነው እንዳይቀሩ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ዕድሜአቸውን የሠዉበትን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት፤ እርሳቸውም በበኩላቸው ታላቁን የአማርኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጅተው በ1962 ዓ.ም. ለማየት በቁ።

ከግዕዙ ስሞች ግን ለፏፏቴ እጅግ የሚቀርበው «አስራብ» ነው። ዳዊት የሚደግሙ አንባቢዎቻችን ይህን ቃል በ41ኛው መዝሙር፥ ጥልቁ ጥልቁን ስለሚጠራበት የውኃ ድምፅ በተነገረበት ስፍራ ያገኙታል። ይኸው ቃል በኖኅ ዘመን ስለ ሆነው ጥፋት ውኃ በሚተርከው ምዕራፍም አለ፤ በዚያ ግን የሚያመለክተው የተከፈቱትን የሰማይ መስኮቶች ነው። አንድ ቃል በአንድ ስፍራ ፏፏቴ፥ በሌላ ስፍራ መስኮት ስለ ምን ሆነ? ምላሹ የሚገኘው የግዕዙ መጽሐፍ በተተረጐመበት በግሪክኛው ነው። ግሪኮች ፏፏቴን «ካታራክቴስ» ይሉታል፤ ወደ ታች የሚወረወር ማለት ነው። በምሽግ በር ላይ ከላይ ወደ ታች የሚለቀቀውን መዝጊያም በዚሁ ስም ጠሩት፤ እርሱም ይወረወራልና። ስለዚህ ቃሉ በውስጡ ሁለት ነገር ይዟል፤ የሚወርደው ውኃ አንድ፥ የሚከፈተውና የሚዘጋው በር ሁለት። በጢስ ዓባይ ፊት ቆሞ በውኃው ጢስ ላይ የተዘረጋውን ቀስተ ደመና ላየ ሰው የኖኅ ዘመን ታሪክ ያለ ጥሪ ወደ ልቡ ይመጣል።

ይህን የግሪክ ቃል ታሪክ ያነሣነው ለእውቀት ብቻ አይደለም። የዛሬው ጢስ ዓባይ ከበር ጋራ የተሳሰረ ሆኗልና ነው። ሁሉም ዓመት በአውሮፓ አቆጣጠር ሆኖ፥ በ1964 በፏፏቴው አጠገብ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራውን ጀመረ፤ ኃይሉ ከ11 ሜጋ ዋት ጥቂት የሚበልጥ ነበር፤ ለባሕር ዳር ከተማና ለፋብሪካዋም ብርሃንና ጉልበት ሰጠ። በ1996 ሐይቁ ወደ ዓባይ በሚወጣበት አፍ ላይ ሁለት በሮች ያሉት መቆጣጠሪያ ግድብ ተሠራ፤ በ2001 አምስት በሮች ተጨምረው ሰባት ሆኑ። በዚያው በ2001 ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ማመንጫ በ73 ሜጋ ዋት ኃይል ሥራ ጀመረ፤ ከፏፏቴው በላይ የተጠለፈው ውኃም በቦይ እየሄደ መዘውሩን ያዞር ጀመር። ከዚህ የተነሣ በበጋ ወራት በገደሉ ላይ የሚወርደው ውኃ እጅግ አነሰ፤ አንዳንድ ጊዜም ከሰፊው ዓለት ላይ የሚወርዱት ቀጫጭን ክሮች ብቻ ሆኑ። በ2010 ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ ተመረቀ፤ ኃይሉ 460 ሜጋ ዋት ነው፤ ይህኛው ውኃውን ከሐይቁ በዋሻ ወስዶ ወደ በለስ ወንዝ ስለሚያፈስሰው በዚያ መንገድ የሄደው ውኃ በፏፏቴው ላይ ሳያልፍ ይቀራል።

እንግዲህ «አስራብ» በሚለው ቃል ውስጥ ተሰውሮ የነበረው በር በዓባይ ላይ ግዙፍ ሆኖ ታየ። በሩ ሲከፈት ፏፏቴ ስሙን ይጠራል፤ ሲዘጋ ዝም ይላል። አባቶቻችን «ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ይሉ ነበር፤ በጥር ወይም በሚያዝያ ወደ ጢስ ዓባይ የሄደ እንግዳ ግን ዓባይን አይቶ ምንጭ አመስግኖ ሊመለስ ይችላል። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለውም አነጋገር በዚያ ደረቅ ዓለት ፊት ለቆመ ሰው እንግዳ አይሆንበትም።

ይህን ስንል ብርሃንን የምንነቅፍ ሰዎች አይደለንም። ልጆቻችን በኩራዝ ጢስ ዓይናቸው እየታመመ ያጠኑበትን ዘመን የሚናፍቅ ወላጅ የለም። እናት የምትጋግርበት ምጣድ፥ ሐኪም የሚያክምበት መብራት፥ ሠራተኛ የሚውልበት ፋብሪካ ከውኃው ጉልበት የተገኙ በረከቶች ናቸው። ዓባይም ከጢስ ዓባይ ወርዶ ረጅሙን ሸለቆ ከጨረሰ በኋላ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ወደ ተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ይደርሳል፤ ይህም ሕዝቡ በአቅሙ ያዋጣበት ሥራ ነው። ነገር ግን ውኃን የሚከፍልና የሚያካፍል ሰው፥ በመስኖ እንደሚያጠጣ ገበሬ፥ ለእያንዳንዱ እርሻ ተራውን ሊያስብለት ይገባል። ፏፏቴም እንደ አንድ እርሻ ተራው ሊታሰብለት ይገባዋል። በጢሱ እርጥበት የሚበቅለው ልምላሜ፥ እንግዳ በመቀበል የሚኖረው የመንደሩ ሰው፥ ስፍራውን ለማየት ከሩቅ የሚመጣው ተማሪ ሁሉም የሚጠብቁት ይህን ድርሻ ነው። አሁን ታላላቆቹ ማመንጫዎች በሌላ ስፍራ ስለ ቆሙ ለአሮጌው ገደል ተገቢውን ውኃ መተው ከቀድሞው ዘመን ይልቅ የሚቀል ይመስለናል።

ለቤተሰብ አንባቢዎቻችን ግን ከሁሉ ይልቅ ልናሳስብ የምንወደው ስለ ልጆች ነው። ብዙዎቻችን ጢስ ዓባይን ያወቅነው በቀድሞው የ1 ብር ኖት ጀርባ ላይ በተሳለው ሥዕሉ ነው። ኖቱ ከእጅ ወደ እጅ እያለፈ ፏፏቴውን ወደ እያንዳንዱ ሱቅና ወደ እያንዳንዱ ቤት አደረሰው፤ በኋላ ግን የ1 ብር ኖት በሳንቲም ተተካና ሥዕሉም ከኪሳችን ወጣ። ሥዕል መልኩን ያሳያል እንጂ ድምፁን አያሰማም። ዛሬ የሚያድግ ልጅ «ፏፏቴ» የሚለውን ቃል በፊደል ገበታና በሥዕል ብቻ የተማረው እንደ ሆነ ለእርሱ ቃሉ እንደ ማናቸውም ቃል ይሆንበታል፤ በውስጡ ውኃ እንደሚጮኽ አያውቅም።

ስለዚህ መንገዱ የሚቻላችሁ ቤተሰቦች በመስከረም ወይም በጥቅምት ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ጢስ ዓባይ ውረዱ፤ ከማሳየታችሁም በፊት ዓይናቸውን አስጨፍናችሁ አስደምጡአቸው። መንገዱ የራቀባችሁ ደግሞ በክረምት ዝናም ጊዜ በደጃችሁ ቁሙና ከጣሪያ የሚወርደውን ጠብታ፥ በጎዳናው የሚሄደውን ጎርፍ፥ ከግንብ ላይ ፏ የሚለውን ውኃ በየስማቸው እየጠራችሁ አስተምሩአቸው። ከባሕር ዳርና ከአካባቢዋ የተወለዱ አረጋውያን በቤታችሁ ካሉም፥ ከ1964 በፊት ወይም ሁለተኛው ማመንጫ ከመቆሙ አስቀድሞ ፏፏቴው በየትኛው ወር እንዴት ይሰማ እንደ ነበረ፥ ድምፁም እስከ የትኛው መንደር ይደርስ እንደ ነበረ ጠይቁአቸው። የሚነግሩአችሁንም ጻፉት። ያን ድምፅ በጆሮአቸው የሰሙ ሰዎች ዛሬ በመካከላችን አሉ፤ ከእነርሱ በኋላ ይህን የሚነግረን መዝገበ ቃላት አይገኝም።